ጠጉራችንና ሐኪማችን

በዚህ ጋዜጣ ስለ ጠጉር መጻፍ ቀልድ የሚመስላቸው አንባቢዎች ይኖራሉ፤ እኛ ግን ቀልድ ሆኖ አላገኘነውም። በ20 ዓመቱ ግንባሩ የሸሸበት ተማሪ ያለ ባርኔጣ ክፍል አይገባም፤ ጠጉሯ የሳሳባት እኅታችንም ሻሿን አታወልቅም። ወልድያ ሆነ መርሳ፥ የሀብሩም ልጅ ቢሆን፥ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ መድኃኒት ቤት መስኮት ነው። እዚያ የሚያሳፍር ጥያቄ የሚጠይቅ የለማ!

ነገር ግን የጠጉር መርገፍ አንድ በሽታ አይደለም። ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ ነው፤ ቅባት ብቻውን አይበቃውም፥ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ላሽ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ራሱ የጠጉሩን ሥር ሲወጋ ይመጣል። ጠብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ የግንባር ዳር ጠጉርን ይጨርሳል፤ ለእርሱ የመጀመሪያው መድኃኒት ማላላት ነው። የወንዶች መመለጥ ደግሞ አብዛኛውን በዘር ይወረሳል። እንግዲህ ለአራቱም አንድ ቱቦ የሚሸጥልን ሰው ምኑን አይቶ ነው?

ክሎቤታሶል የተባለው ብርቱ ቅባት በሐኪም ልክ ለላሽ ይረዳል፤ ቆረቆር ላይ ቢቀባ ግን በሽታውን ይሸፍነዋል፥ ለረጅም ጊዜ ሲቀባም ቆዳን ያሳሳል። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠጉርን ይብስ ሊያረግፍ ይችላል፤ ይህን ያልተነገረው ደንግጦ ይጥለዋል። ፊናስቴራይድ አንዳንዱን ወንድ የሩካቤ ፍላጎት ያሳጣዋል፥ መንፈሱንም ያጨልማል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሐኪም የተባለ ሁሉ ይታመን ማለታችንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእስራኤል አገር ብዙ ሺህ ሕፃናት፥ ይበልጡን ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የፈለሱ ቤተ ሰቦች ልጆች፥ ለቆረቆር ሲባል ራሳቸው በራጅ ጨረር ታከመ። ያከሟቸው የተማሩ ሐኪሞች ነበሩ። በ1974 የታተመ ጥናት በእነዚያ ልጆች ራስና አንገት ላይ ዕጢ መብዛቱን ገለጸ፤ የካሳው ሕግ የወጣው ግን በ1994 ነው።

ስለዚህ እኛ የምናምነው ሐኪም ራሳችንን በብርሃን የሚያይ፥ ቀድሞ ምን እንደ ተቀባን የሚጠይቅ፥ ሲያጠራጥረው ፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚያስመረምር፥ የበሽታውን ስም የሚነግረን፥ ከማዘዙም በፊት የመድኃኒቱን ጉዳት የሚያስረዳን ነው። ስንጠይቀው የሚቆጣውንና የራሱን ቅባት የሚሸጥልንን አንፈልግም። «መድኃኒት አያስፈልግህም» ብሎ የሚያሰናብት ከተገኘ ደግሞ እርሱን አጥብቀን እንያዘው።

የቆዳ ሕክምና ደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፥ በአዲስ አበባም በአለርት አለ። ይሁን እንጂ የመኪና ገንዘብና የቀረው ትምህርት ለተማሪ ቀላል አይደለም። ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲጠይቅልን እንሻለን፤ ይኸውም የቆዳ ሐኪም በወር አንድ ቀን ወደ ግቢያችን ክሊኒክ እንዲመጣ፥ ቦሩ ሜዳ ለሚላክ ተማሪም ፈቃድ እንዲሰጠው ነው። በማመልከቻው ላይ መፈረም የሚወድ ሁሉ፥ መምህራንም ጭምር፥ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ። የበሽታውን ዓይነት መጻፍ አያስፈልግም።