ከማሻሻያው በፊት ብረቱ

ድርቅ በሚደጋገምበት በዋግ ኽምራ አንድ አነስተኛ የውኃ ፓምፕ ተሰንጥቆ ሲቆም ጉዳቱ ከማሽኑ አልፎ ማሳው ላይ ይደርሳል። የእንዲህ ዓይነት ፓምፖች አካልና ክዳን፣ የሞተሮቻቸውም ፒስተንና ቴስታታ በአብዛኛው የሚሠሩት ከአሉሚኒየም–ሲሊከን ቅይጥ ነው። መለዋወጫ ከሩቅ ለሚመጣላት ሰቆጣ፣ አሮጌ አሉሚኒየም አቅልጦ ለክዳኑ ምትክ ማውጣት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። መልሱ በእጅጉ የተመሠረተው በማይክሮስኮፕ በሚታየው ረቂቅ መዋቅር ላይ ነው።

ሲሊከን 12.6 በመቶ ገደማ ሲሆን ቅይጡ በ577 ዲግሪ ሴልሺየስ ይረጋል። ቅዝቃዜው ዝግተኛ ከሆነ ሲሊከኑ ጠርዛቸው የሰላ ሰፋፊ ዝርግ ክሪስታሎች ሆኖ ያድጋል፤ ስንጥቅም እነርሱን ተከትሎ ይጓዛል። አላዳር ፓች በ1921 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ በሶዲየም ውሕድ፣ በኋላም በስትሮንቲየም፣ ክሪስታሎቹን ወደ ቀጫጭን ክሮች መለወጥ ተችሏል። ከዚያ ወዲህ የዘርፉ ምርምር ሰፊ ትኩረቱን ለማሻሻያው ሰጥቷል።

አሮጌ አሉሚኒየም ግን ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። እንደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ባለ ስፍራ የድስት፣ የመስኮትና የሞተር ስብርባሪ ይደባለቃል። ያልወጣ ብሎን፣ ያልተቀባ የብረት ማቅለጫና ማማሰያ ብረትን ወደ ቅልጡ ያስገባሉ። ብረቱ ከአሉሚኒየምና ከሲሊከን ጋር ተዋሕዶ፣ ተቆርጦ ሲታይ መርፌ የሚመስል ተሰባሪ ዝርግ ይሠራል። ስትሮንቲየም ይህን አያስወግድም፤ አንዴ የሟሟን ብረት ማውጣትም አስቸጋሪ ነው። ማንጋኒዝ ቅርጹን ወደማይጎዳው ሊያቀርበው ይችላል፤ መጠኑን ለመወሰን ግን የብረቱ መጠን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ የምርምሩ ቅደም ተከተል ሊስተካከል ይገባል። በመጀመሪያ ፒስተኑን ከድስቱ መለየት፣ ብሎንና ቀለበቱን ማውጣት፣ ማቅለጫውንና ማማሰያውን እሳት በሚችል ሸክላ መቀባት፤ ከዚያ የማቀዝቀዣውን ፍጥነት መለካት፤ ማሻሻያው በመጨረሻ ይመጣል።

ይህ አዲስ ሳይንስ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ሆኖም የተደባለቀ ቁርጥራጭ በአሸዋ ሞልድ ውስጥ እንዴት እንደሚረጋ ከንጹሕ ቅይጥ ሠንጠረዥ ማንበብ አይቻልም። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት መስኮች አንዱ የሆነው ለሥራ ታስቦ ነበር። የዛሬው የማስተርስ ጥናትም ናሙናውን ከገበያ ንጹሕ ቅይጥ ሳይሆን ከአቅላጩ እጅ ቢወስድ፣ ውጤቱ ለመመረቂያም ለፓምፑም ይበቃል።