ከላሟ በፊት የሞተው ሳር

የቦረና ድርቅ ሲነሣ ዓይኔ ላይ የሚመጣው በቴሌቪዥን ደጋግመን ያየነው የከብት ሬሳ ነው፤ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቆ፣ አቧራ ላይ ተዘርሮ። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በቂ ዝናብ ሳይዘንብባቸው አለፉ። በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። የሞቱትን ላሞች ቆጠርን፤ አዘንንላቸውም። ከእነሱ ቀድሞ የሞተውን ሳር ግን የቆጠረው የለም።

ተክል ውኃ ሲያጥረው ቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። እርጥበቱን ያተርፋል፤ ነገር ግን ምግቡን የሚሠራበት አየር የሚገባውም በእነዚያው ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ ከጥም ሲሸሽ ረኃብ ይይዘዋል። ግራር ቅጠሉን አራግፎ፣ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ይችለዋል። ሳር የሚተርፈው ሥሩ ላይ ባጠራቀማት ስንቅ ነው። ትንሽ ካፍያ አግኝቶ ብቅ ባለ ቁጥር ከብት ከጋጠው ያቺ ስንቅ ታልቃለች። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቢመጣም የሚያቆጠቁጥ ሥር አያገኝም፤ ራቁቱን የቀረውን አፈር ጠርጎ ይሄዳል።

እንስሳቱም በተራ ነው የሚወድቁት። ላም ኑሮዋ በሳር ነውና ቀድማ ትሄዳለች። የቦረና ላም በሦስት ቀን አንዴ ጠጥታ መዋል የለመደች ብርቱ ዘር ናት። ሆኖም ግጦሹና የውኃ ጉድጓዱ በተራራቁ ቁጥር ጉልበቷ መንገድ ላይ ያልቃል። የደረቀ አገዳ ብታገኝ እንኳ፣ ጨጓራዋ ውስጥ ሆነው መኖውን የሚያብላሉላት ረቂቅ ሕዋሳት ራሳቸው ስለሚራቡ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ጡቷ ይነጥፋል፤ ጥጃዋ ይሞታል፤ ወተቷን የሚጠብቀው ሕፃንም ይራባል። ፍየልና ግመል ቅጠል ስለሚቀነጥሱ ይቆያሉ። ግመል የክብደቱን ሩብ ያህል ውኃ አጥቶ መቆም ይችላል። ድርቁ ሲረዝም ግን ቅጠሉም ያልቃል። ከድንበሩ ማዶ በኬንያ በዚያው ድርቅ በዘጠኝ ወር ውስጥ 205 ዝሆኖች መሞታቸውን የአገሪቱ መንግሥት አስታውቋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ሞት ነው። ሲለመን የቆየው ዝናብ በመጣ ዕለት፣ አጥንቷ የቀረው ላም ብርዱን መቋቋም አቅቷት ደጅ ላይ ትወድቃለች።

የቦረና አባቶች ይህን ሁሉ ከማናችንም ቀድመው ያውቁታል። ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች የሚሆን ሳር አጥረው ያቆያሉ፤ «ካሎ» ይሉታል። የሚታለቡትን ላሞች መንደር አስቀርተው ሌላውን ከብት ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይነዳሉ፤ ቅርቡ መሬት ፋታ ያገኛል። ቁጥቋጦው ሳሩን እንዳይውጠውም በየጊዜው እሳት ይለቁበት ነበር። በደርግ ዘመን እሳቱ ተከለከለ። እሾሃማው ቁጥቋጦ ግጦሹን ወረረው፤ ከቀረው ላይ ደግሞ እርሻ ገባበት። ስለዚህ ድርቁ ሲመጣ ያገኘው አስቀድሞ የደከመ መሬት ነው።

ከብቱ ላለቀበት ቤተሰብ ጊደርና ፍየል ገዝቶ መስጠት ተገቢ ነው። ነገር ግን ሳሩ ሳያገግም ከብት ብቻ ማብዛት «ላም አለኝ በሰማይ» ከመሆን አያልፍም። መሬቱ ዕረፍት ይፈልጋል። ካሎው ይስፋ፤ ቁጥቋጦው ይመንጠር፤ በደጉ ዓመት ሳር ታጭዶ ይከመር፤ ድርቅ ሲሸት ከብቱ ሳይከሳ ገበያ የሚደርስበት መንገድ ይበጅ። ይህንንም ስናደርግ ሽማግሌዎቹን ጠይቀን እንጂ ከበላያቸው ወስነን አይሁን።

የወረዳና የዞን ኃላፊዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። በየድርቁ ማግስት የምትጽፉት ሪፖርት የሞተውን ከብት ቁጥር ይዞ ብቻ አይቅረብ፤ ስንት ሄክታር ሳር እንዳገገመም ይጻፍበት። የሚቀጥለው ድርቅ ስንት ላም እንደሚገድል የሚነግረን ያ ቁጥር ነው።