ፎቶግራፍን ስለ መከርከም

ፎቶግራፍ በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ ከሚጠበቁት መታሰቢያዎች ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለው። ርስትም ሆነ ጌጥ ለወራሾች ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ ፎቶግራፍ ግን ተባዝቶ ለልጅና ለልጅ ልጅ ሁሉ ቢደርስ ከዋናው አንዳች አይጐድልበትም። ነገር ግን ይህን የማያልቅ ሀብት በአንድ አፍታ ሊያጐድለው የሚችል ሥራ አለ፤ እርሱም ያለ ማስተዋል መከርከም ነው። ቀድሞ ፎቶግራፍ የሚከረከመው በማስመሪያና በመቀስ ስለ ነበረ፣ ቈራጩ መቀሱን ከማሳረፉ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር። ዛሬ ግን ሥራው በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚፈጸም ስለ ሆነ ጣት ከሐሳብ ይቀድማል።

ይህን ነገር ያነሣንበት ምክንያት አለ። በአዊ ዞን በእንጅባራ ከተማ በያመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓድዋና ከዚያም በኋላ በተደረገው የነጻነት ተጋድሎ ከአርበኞች ጋራ የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ እያሰበ እስከ ዛሬ ድረስ ዘልቋል። በዚያ ቀን ፈረሶቹ በጌጠኛ ኮርቻና ልጓም አምረው ሲሰለፉ፣ ወጣቱም ሽማግሌውም ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ያነሣል። በማግስቱ አንዱ የአባቱን ፎቶግራፍ ለግድግዳ ሊያሳጥብ ይሻል፤ ሌላው በሩቅ አገር ላለ ልጁ ሊልክ ያስባል፤ ሌላውም ከብዙ ፈረሰኞች መካከል የወንድሙን ፊት ለይቶ ሊያወጣ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ክሮፕ የሚባለው መከርከሚያ ነው። እርሱም አንዳንድ ጊዜ እንቢ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም ያላዘዙትን ያደርጋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን መሣሪያ ሕመምና መድኃኒቱን እንመለከታለን።

አስቀድሞ ግን የሥራውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በኮምፒዩተር ያለ ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። መከርከም ማለት ከነዚህ ነጥቦች በዳር ያሉትን ማስወገድ እንጂ ሥዕሉን በሙሉ ማሳነስ አይደለም። ስለዚህ መከርከሚያው አስቸገረ በተባለ ጊዜ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ነው፦ የታዘዘው ቅርጽ ምንድር ነው? የሚቀሩት ነጥቦች ስንት ናቸው? የተቈረጡትስ ወዴት ሄዱ? ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ይገኛል።

ከቅርጹ እንጀምር። በ1990 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ለሽያጭ በወጣው ፎቶሾፕ በሚባለው ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያሰሙት ስሞታ «ክፈፉን ወደ ጐን ስስበው ወደ ላይም አብሮ ይሄድብኛል» የሚል ነው። ይህ የመሣሪያው ብልሽት አይደለም። ከዚያ በፊት የሠራ ሰው፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ትናንት፣ የወርድና የቁመት ልክ ጽፎበት ስለ ነበረ መሣሪያው ያንን ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። መድኃኒቱም በላይኛው መስመር ላይ ካሉት የቍጥር ሣጥኖች አጠገብ ያለውን «ክሊር» የሚለውን መጫን ነው፤ ቍጥሮቹ ሲጠፉ ክፈፉ ነጻ ይሆናል። ቁመቱ ወርድ፣ ወርዱም ቁመት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለችውን ባለ ሁለት ቀስት ምልክት መንካት ይበቃል።

የክፈፉ ጠርዝ ከሚፈልጉት ቦታ አልፎ ወደ ሥዕሉ ዳር እየዘለለ ቢያስቸግር፣ «ስናፕ» የሚባለው ትእዛዝ ስለ በራ ነው። እርሱን ከ«ቪው» ዝርዝር ውስጥ ማጥፋት፣ ወይም ጠርዙን በሚስቡበት ጊዜ «ኮንትሮል» የሚባለውን ቍልፍ ተጭኖ መያዝ ነው። የፕሮግራሙ ትእዛዞች ሁሉ ደብዝዘው አልነካ ካሉም አትደንግጡ። የጀመራችሁት ክርከማ ገና አልተፈጸመምና መሣሪያው ቍርጥ ያለ መልስ ይጠብቃል፤ «ኢንተር» ብትጫኑ ይፈጸማል፣ «ኢስኬፕ» ብትጫኑ ይሰረዛል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግሩ ካልተወገደ፣ በላይኛው መስመር በስተ ግራ ያለውን የመሣሪያውን ምልክት በመዳፊቱ ቀኝ ቍልፍ ተጭኖ «ሪሴት ቱል» ማለት ነው፤ መሣሪያው ወደ መጀመሪያ ሁኔታው ይመለሳል።

ከቅርጽ ጋራ የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የስልክና የወረቀት አለመስማማት ነው። አብዛኛው ስልክ የሚያነሣው ሥዕል ወርዱ 4 እጅ ቢሆን ቁመቱ 3 እጅ ነው። ለማሳጠቢያ የተለመደው ወረቀት ግን 15 በ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ይኸውም 3 እጅ በ 2 እጅ ነው። የስልኩ ሥዕል ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ቁመቱ 11 ከሩብ ስለሚመጣ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ከሩብ የሚሆነው፣ ማለት ከቁመቱ ዘጠነኛው እጅ፣ መቈረጡ የግድ ነው። ጉግስ የሚጫወት ፈረሰኛ ስልኩን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የተነሣ እንደ ሆነ፣ ወይ የፈረሱ ኮቴ ወይ የጋላቢው ራስ ይሄዳል ማለት ነው። ፎቶ ቤቱን መውቀስ አይገባም፤ ሲያነሡ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ከላይና ከታች ቦታ መተው ይሻላል። ያለፈውን ደግሞ ሥዕሉ በሙሉ እንዲታተምና በግራና በቀኝ ነጭ ኅዳግ እንዲቀር ማዘዝ ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የነጥቦች ብዛት ነው። ባለ 3 በ 4 ሳንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶግራፍ ሲያዘጋጁ ሥዕሉ ድንገት እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት አንሶ የሚጠፋባቸው ሰዎች አሉ። ምክንያቱ 3 እና 4 ብለው ሲጽፉ ፕሮግራሙ ሳንቲ ሜትር ሳይሆን ፒክስል አድርጎ መቀበሉ ነው። ከቍጥሩ በኋላ የመለኪያውን ስም መጻፍ ይገባል። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ እንዲኖር የተለመደ ስለ ሆነ፣ 3 በ 4 ሳንቲ ሜትር ማለት 354 በ 472 ነጥብ ያህል ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ከብዙ ሰዎች ፎቶግራፍ አንዱን ፊት ቈርጦ ማጉላት አለ። ሙት ዓመት ሲደርስ፣ ሟቹ ለብቻው የተነሣው ፎቶግራፍ ስለማይገኝ፣ ከፈረሰኞች መካከል ፊቱን ለይተው ለግድግዳ እንዲያጐሉላቸው የሚለምኑ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። ፊቱ በሥዕሉ ውስጥ የያዘው 300 ነጥብ ወርድ ብቻ ከሆነ፣ ጥርት ብሎ ሊታተም የሚችለው በ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ብቻ ነው። ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ለማስፋት 2362 ነጥብ ያህል ያስፈልጋል፤ የሌለውን ነጥብ ደግሞ መከርከሚያው ሊፈጥረው አይችልም። ዛሬ የጐደለውን በግምት የሚሞሉ ፕሮግራሞች ተገኝተዋል፤ ነገር ግን እነርሱ የሚሞሉት ፊት የሟቹ ፊት ሳይሆን የሟቹን የሚመስል ፊት መሆኑን ቤተ ሰቡ ዐውቆ ቢወስን ይሻላል። ትልቅ ሆኖ ከደበዘዘ ፊት ይልቅ፣ በመጠኑ አንሶ ከነፈረሱና ከነጓደኞቹ የሚታይ ሰው ለመታሰቢያ የበለጠ ክብር አለው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ የተቈረጠው ወዴት ሄደ? በፎቶሾፕ ውስጥ «ዲሊት ክሮፕድ ፒክስልስ»፣ ትርጓሜውም «የተቈረጡትን ነጥቦች አጥፋ» የሚል ትንሽ ሣጥን አለ። ምልክት ካለበት የተቈረጠው ይጠፋል፤ ምልክቱ ከተነሣ ግን የተቈረጠው ይሸሸጋል እንጂ አይጠፋም፣ ከ«ኢሜጅ» ዝርዝር «ሪቪል ኦል» በተባለ ጊዜም ተመልሶ ይታያል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው ሥራው በፎቶሾፕ በራሱ ዓይነት ሲቀመጥ ነው። ጄፔግ በሚባለው በተለመደው ዓይነት ላስቀመጠው የተሸሸገውም አብሮ ይጠፋል። ከዋናው ፋይል ላይ ያስቀመጠ ሰው ፕሮግራሙን ከዘጋ በኋላ የሚመለስበት መንገድ አይኖረውም። ስለዚህ ክርከማ ሁሉ በግልባጭ ላይ ይሠራ፤ ዋናው ፎቶግራፍ ግን እንደ ርስት ደብተር ሳይነካ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ አደጋ አለ፤ ቈርጬ ጣልሁት ያሉት ሳይቈረጥ መቅረቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ፒክስል በተባሉት የጉግል ስልኮች ውስጥ አንድ ስሕተት መኖሩ ተገለጸ። ስልኩ የተከረከመውን ሥዕል በቀድሞው ፋይል ላይ ሲጽፍ የአሮጌውን ጭራ ሳያጠፋ ይተው ስለ ነበር፣ የተቈረጠውን ክፍል በከፊል መልሶ ማውጣት ይቻል ነበር። እንዲህ ያለው ስሕተት በዊንዶውስ የማያ ገጽ መቅረጫ ላይም ተገኝቷል። ኩባንያዎቹ ስሕተቱን አርመዋል፤ ዳሩ ግን ከእርማቱ በፊት ወደ ሰው የተላከውን ሥዕል ማንም ሊሰበስበው አይችልም። በወርድ ደብዳቤ ውስጥ የተከረከመ ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» በሚለው ትእዛዝ የተቈረጠው እንዲጠፋ ካልታዘዘ፣ ደብዳቤው የደረሰው ሰው ክፈፉን ስቦ የተሸሸገውን ሊያይ ይችላል። የመታወቂያ ቍጥር፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የልጅ ፊት ያለበትን ሥዕል ለመላክ የሚያስብ ሰው፣ በመከርከም ብቻ ሳይተማመን፣ የተከረከመውን በአዲስ ፋይል አውጥቶና መርምሮ መላክ ይገባዋል።

እንግዲህ መሣሪያው ታዘዘ እንበል። የሚቀረው፣ ምን ይቈረጥ የሚለው ነው፤ ይህንም የሚመልሰው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ነው። በ1960 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ኩባዊው አልቤርቶ ኮርዳ ያነሣው የቼ ጉቬራ ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ የታወቀው፣ በአንድ ወገን የነበረው የሌላ ሰው ፊትና በሌላው ወገን የነበረው ዘንባባ ተቈርጠው ከወጡ በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ የተቻለው ዋናው ፊልም ሳይከረከም ስለ ቈየ ነው። በአገራችንም ከ1925 እስከ 1934 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መቀመጫውን በዳንግላ አድርጎ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ ከነፎቶግራፎቹ በ1936 ታትሟል። የዛሬ ሰው እንዲህ ያለውን የቈየ ፎቶግራፍ ሲመለከት፣ ከመካከሉ ይልቅ ዳር ዳሩን ይመረምራል፤ የቤቱን አሠራር፣ የልብሱን ዓይነት፣ የዛፉን ብዛት የሚያገኘው ከዚያ ነውና።

በቤተ ሰብ ፎቶግራፍም ዳር የሚቆመው ማን እንደ ሆነ እናስተውል። በመካከል ጌታው በፈረስ ላይ ይቀመጣል፤ በዳር ልጓም የያዘው ብላቴና፣ ሕፃን ያዘለችው ሞግዚት፣ ወይም የእንጀራ ልጁ ይቆማል። ግድግዳው ላይ ለሚሰቀለው ሥዕል እነርሱ ትርፍ መስለው ይታያሉ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን «እናቴ የት ነበረች?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ መልሱን የሚያገኘው ከዚያው ኅዳግ ላይ ነው። የተቈረጠች ሞግዚት ሌላ ፎቶግራፍ ላይኖራት ይችላል።

ስለዚህ በየቤቱ ሦስት ልማድ ቢጸና እንመክራለን። አንደኛ፣ ዋናው ፎቶግራፍ ሳይከረከም በሁለት ስፍራ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከመቍረጥ በፊት በዳር ያሉት ሰዎች ስምና የተነሣበት ቀን ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ክርከማው የሚሠራው በግልባጭ ላይ ሆኖ፣ ቅርጹና የነጥቡ ብዛት ተመርምሮ ይፈጸም። ይህን ያደረገ ሰው መሣሪያው ቢያስቸግረው እንኳ የሚያጠፋው ጊዜውን ብቻ ነው፤ ለልጆቹ የሚተወው መታሰቢያ ግን ሙሉ ሆኖ ይቈየዋል።