ታካሚ ግፊቱን ለክቶ ይዞ አይመጣም፦ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ለምትዘጋጁ

ዛሬ እንደወትሮው ስለ በሽታ ብቻ ሳይሆን ስለ ሐኪሙም ላወራ ነው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ «ዶክተር፣ ለብቃት ምዘናው ምን ላንብብ? የድሮ ጥያቄ አለህ?» የሚል ነው። ወላጆችም ይጽፋሉ፤ «ልጄ ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ ተመርቆ፣ ደግሞ የምን ፈተና ነው?» ይላሉ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና ይሰጣል። ዲግሪ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ለማከም ፈቃድ ማግኘት ሌላ ነው። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው። የታካሚው ዕድሜ፣ ምልክትና የምርመራ ውጤት ይሰጣችኋል፤ ከዚያ «በሽታው ምንድን ነው? ቀጥሎስ ምን ታደርጋለህ?» ትባላላችሁ።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ፈተናው መኖሩ ትክክል ነው። ብዙዎቻችን የምንዘጋጅበት መንገድ ግን ልክ አይደለም። በቴሌግራም የሚዞረውን የጥያቄና መልስ ፋይል መሸምደድ ዝግጅት አይባልም። ይህን የምለው ራሴም ስላደረግኩት ነው።

ኢንተርን እያለሁ አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር እግሯ አብጦ መጣች። ወረፋው ረጅም ነው። አማርኛ ስለማትችል እህቷ ታስተረጉማለች። «እርግዝና ላይ የተለመደ ነው፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ» ብዬ ልሸኛት ስል አዋላጇ ሲስተር ቀስ ብላ «ዶክተር፣ ግፊቷ ተለክቷል?» አለችኝ። አልተለካም። ሲለካ 170 በ110 ሆነ። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ራሷን እንደሚያማትም የሰማነው ያኔ ስንጠይቃት ነው። ወዲያው ማግኒዚየም ሰልፌትና የግፊት መድኃኒት ተጀመረላት። እሷም ልጇም ደህና ወጡ።

የሚያሳፍረኝ ምን መሰላችሁ? ከሳምንት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ፋይሉ ላይ በትክክል መልሼው ነበር። ወረቀት ላይ ግፊቱ ተለክቶ ነው የሚመጣው። ታካሚ ግን ግፊቱን ለክቶ ይዞ አይመጣም።

እዚህ ወላይታ ሶዶ «እግሬ አበጠ» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል። በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ሰው ልታዩ ትችላላችሁ።

አንደኛው ከዳሞታ ተራራ ሥር የመጣ ገበሬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ላይ ሠርቷል። እብጠቱ ከእግር መዳፉ ጀምሮ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ከጉልበቱ ግን አላለፈም፤ ሁለቱም እግሮቹ ላይ አለ። ይህ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በወላይታ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ በ2012 የታተመ ጥናት በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት እንዳለም አሳይቷል። ሕክምናው በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ነው። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ጋር ካምታታችሁት የማይረዳውን መድኃኒት ሰጥታችሁ ትሸኙታላችሁ።

ሁለተኛው ሕፃን ነው። እናቱ «ወፍሯል» ትላለች። እግሩን በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ስትጫኑት ይሰረጉዳል። በሁለቱም እግር እንዲህ ከሆነ፣ ኪሎው ምንም ይሁን ምን፣ ከባድ የምግብ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ መታየት አለበት።

ሦስተኛዋ ያቺ ነፍሰ ጡር ናት።

ቅሬታው አንድ፣ መልሱ ሦስት። የሚለያቸው እጃችሁና ጥያቄያችሁ ነው። ፈተናውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለምትዘጋጁ የምመክረው፦

1. ዝግጅቱን ከመጨረሻው ወር ሳይሆን ከኢንተርንሺፑ ጀምሩ። ቀን አንድ ታካሚ እዩ፣ ማታ የዚያን ሰው በሽታ አንብቡ።

2. የጤና ሚኒስቴርን ብሔራዊ የሕክምና መመሪያዎች አንብቡ። የውጭ መጽሐፍ ጥሩ ነው፤ የምትሠሩት ግን እዚህ ነው።

3. የድሮ ጥያቄ መሥራት ችግር የለውም። ነገር ግን የተቀሩት ምርጫዎች ለምን ስህተት እንደሆኑ መናገር ካልቻላችሁ ጥያቄውን አልሠራችሁትም።

4. ሦስት አራት ሆናችሁ አጥኑ። አንዱ ታካሚ ይሁን። ሐኪሙ ግፊቱን ካልጠየቀ አትንገሩት!

5. የፈተናው ዋዜማ ተኙ። ያልተኛ ጭንቅላት ያወቀውንም ይረሳል።

አዎ፣ ቅሬታ እንዳለ አውቃለሁ። ሁሉም ተማሪ እኩል ታካሚ አይቶ፣ እኩል ተቆጣጣሪ ሐኪም አግኝቶ አይመረቅም። የወደቀ ሰው ደግሞ ቀጣዩን ዙር ያለ ሥራና ያለ ደሞዝ ይጠብቃል። ይህ ከባድ ነው፤ ትምህርት ቤቶችም ሊጠየቁበት ይገባል። ቤተሰቦች፣ እባካችሁ የወደቀ ልጃችሁን «አሳፈርከን» አትበሉት። ዳግም መፈተን ይቻላል። ያልለካነውን ግፊት ግን አንዳንዴ ዳግም የመለካት ዕድል አናገኝም።

ሐኪም ላልሆናችሁም አንድ ነገር ልበል። ነፍሰ ጡር ሆናችሁ እግራችሁ ወይም ፊታችሁ አብጦ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ሐኪሙ ከረሳም «ዶክተር፣ ግፊቴ አልተለካም» በሉት። ድፍረት አይደለም። ያቺ ሲስተር ለእኔ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ለሚፈተን ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።