ከወታደር ቤት የወጡ ሁለት ምሥጢሮች

ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ የሥራ ፈት መጽሐፍ ነው የሚል አስተያየት በየሰፈሩ ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ መስክ ስመ ጥር ከሆኑት ደራስያን ሁለቱ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን መጻሕፍት መጻፍ ሲጀምሩ የወታደር ሚስቶች ነበሩ።

አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባሏ በአየር ክፍል መኮንንነት ሲዘምት፣ እርሷ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ታገለግል ነበር። እዚያ ስለ መርዝ ያገኘችው ዕውቀት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920 ለታተመው የመጀመሪያ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዷ መሠረት ሆነ። በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ጥያቄው «ገዳዩ ማን ነው?» የሚል ነው። ፍንጩ በአንባቢው ፊት ይቀርባል፤ መልሱ ሲገኝ ልብ ያርፋል።

ዳፍኒ ዱ ሞሪየ ደግሞ ከመኮንን ባሏ ጋር በግብፅ፣ በእስክንድርያ ሳለች፣ አገሯን እየናፈቀች «ርብቃ»ን መጻፍ ጀመረች። መጽሐፉ በ1938 ታተመ። በታሪኩ ውስጥ አዲሲቱ ሙሽራ በሟች ቀዳሚ ሚስት ጥላ ሥር ትኖራለች። ባል አይናገርም፤ ሚስት አትጠይቅም፤ ዝምታውም ጥርጣሬን ይወልዳል። እዚህ ላይ ጥያቄው «አብሮኝ የሚኖረው ሰው ማን ነው?» የሚል ይሆናል።

እኔ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ። ነፍሰ ገዳይ በየቤቱ አይገኝም፤ ዝምታ ግን ይገኛል፤ በተለይም ከግዳጅ በተመለሰ ወታደር ቤት። የጦር ምሥጢርን መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ የልብን ሐዘን ከትዳር ጓደኛ እንድንሸሽግ ያዘዘን ግን የለም። ስለዚህ መጽሐፉን ማታ ማታ አብራችሁ አንብቡት፤ ምዕራፉ ሲያልቅም ተጨዋወቱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።