የአይጥ ምስክር ድንቢጥ



በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ደረጃ፣ ስለ ምግብ አዳራሹም ሽሮ ቅጥነት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ስለ ዶሮና ስለ ቀበሮ ነው። «ይህማ የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ የተነሣ ወንድሜ ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። በዚሁ በልጅ ጨዋታ ምክንያት በመኝታ ቤታችን ሁለት የልብ ጓደኛሞች ለሁለት ሳምንት ሳይነጋገሩ ከርመዋል። ወሬው ተሰምቶ የሥነ ጽሑፍ ምሽት የሚያዘጋጁት ጓደኞቻችን «በሚቀጥለው ምሽት የእንስሳ ስም ያለበት ግጥም አይቀርብም» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ነገሩ እንግዲህ ከአልጋ ተነሥቶ እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳ ደርሷል ማለት ነው።

የጨዋታው ሥርዐት ቀላል ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከአልጋ አልጋ እየተጠራራን እንጀምራለን። አንዱ «ዶሮ» ይላል፤ ቀጣዩ «ቀበሮ»፣ ሦስተኛው «ዝንጀሮ»፣ አራተኛው «ከርከሮ» ይላል። እንስሳው ሲያልቅ ወደ ከበሮ፣ ወደ ጆሮ፣ ወደ ጓሮ፣ ወደ ዘንድሮ መሻገር ይፈቀዳል፤ ነገር ግን የተሻገረ ሰው ቃሉን ከእንስሳው ጋር አገናኝቶ ስንኝ የመግጠም ግዴታ አለበት። (ሽሮም ቤት ይመታል፤ የእኛን ሽሮ ግን ከየትኛው ፍጡር ጋር ማገናኘት እንደሚቻል እስካሁን የደረሰበት የለም።) ያቃተው ሰው ከእንቆቅልሽ በተዋስነው ሕግ መሠረት አገር ይሰጣል። በአንድ ሌሊት ጎንደርንም ሐረርንም አስረክቤ የተኛሁበት ጊዜ አለ።

በአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው የስንኙ የመጨረሻ ፊደል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። «ቤት መታ» የሚለው አነጋገር ራሱ ደስ ይለኛል፤ እንግዳ በር መትቶ እንደሚገባ ሁሉ ቃልም የሌላውን ቃል በር መትቶ ይገባል፤ ከገባ በኋላም ሁለቱ ዘመዳሞች ይመስላሉ። አባቶቻችን ይህን ዝምድና እንዴት እንደ ተጠቀሙበት ለማየት ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችንን መመልከት ይበቃል። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ሲባል፣ ለመሆኑ ድመትን ማን አመነኰሳት? ያመነኰሳት «አትረሳ» የሚለው ቃል ነው። ቤት የሚመታ ቃል ቢፈለግላት ቆብ ተገኘላት። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለውንም ተመልከቱ። መጫኛ በሬ የሚጣልበት ጠፍር ነው፤ ለዶሮ ምን ይሠራል? ነገር ግን «ሏት» እና «ሏት» ሲገጥሙ ዶሮዋ ከነክብሯ እንደ ሠንጋ ተጠልፋ ስትወድቅ ትታየናለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የሸረሪትን ድር ከአንበሳ ጋር ያታገለውም፣ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ብሎ ተንኰለኞችን በድንጋይ ካብ ላይ ያፋጠጠውም ይኸው የፊደል ዝምድና ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» የሚለው ነው። አይጥና ድንቢጥ ምን አገናኛቸው? እህል መስረቅ ነው የሚል ይኖራል፤ ይሁን። እኔ ግን ያገናኛቸው «ጥ» ናት እላለሁ። አይጥ ተከሳ ምስክር ስትጠራ፣ ድንቢጥ ስሟ ስለ ገጠመ ብቻ ከሸንጎ ተገኘች። ምስክርነቷም የሚያስቀን በድምፅ እንጂ በእውነት ያልመጣች መሆኗን ሁላችንም ስለምናውቅ ነው። ቤት የመታ ነገር እውነት ይመስላል። የጨዋታው ጣዕም ይህ ነው፤ ወደ ኋላ እንደማሳየው መርዙም ይኸው ነው።

ወደ መርዙ ከመሄዴ በፊት ጣዕሙን ትንሽ ላብዛው፤ የምንኮራበትን ሳናውቅ ማስታወቂያ እንዳንለጥፍበት እሰጋለሁና። ከቤት መምታት ቀጥሎ የሚመጣው ኅብር ነው፤ ማለት አንዱ ቃል ሁለት ፍች ሲሸከም። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ተብሎ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ሲሆን፣ በየመንደሩ ግን እረኛው ያለ መምህር የሚጫወተው ነው። «በቅሎ» የሚለውን ውሰዱ። ኮርቻ የሚጫንበትም በቅሎ ነው፤ የተዘራው ዘርም በቅሎ ይታያል። በድምፅም በጽሕፈትም አንዳች ልዩነት የላቸውም። እኔም እንደ ዐቅሜ እንዲህ ሞክሬ ነበር፤

እርሻዬን ብጎበኝ ከደጅ እስከ ጓሮ፤
በቅሎ አየሁ መስክ ላይ፤ ምን ቸገረኝ ዘንድሮ።

ግጥሙ የኔ ስለ ሆነ ድክመቱም የኔ ነው። ነገር ግን አንዱ የመኝታ ቤት ጓደኛችን «በቅሎዋ የማን ናት?» ብሎ በመጠየቁ ዓላማዬ እንደ ተፈጸመ ቈጥሬዋለሁ።

«ጎሽ»ም እንዲሁ ነው። በፈተና ወረቀት ግርጌ «ጎሽ» ብለው የሚጽፉ መምህር ተማሪውን አመሰገኑት ወይስ ቀንድ አወጡለት? ሌሎቹ ደግሞ በማጥበቅና በማላላት የሚለያዩ ሆነው፣ ፊደላችን ጠበቅንና ላላን ለይቶ ስለማያሳይ በወረቀት ላይ መንታ ሆነው ይቀመጣሉ። ሲነገር «ሬ» ላይ የላላው በሬ ያርሳል፤ የጠበቀው ግን የቤቴ መዝጊያ ነው። «በሬን ጠብቅልኝ» የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው ዘበኛ ይሁን ወይስ እረኛ? «ፈረሱ» የሚለውም ሲላላ ኮርቻውን ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ግን ቤቶች መናዳቸው ነው። በጾም ሰሞን «አሳማ እበላለሁ» ብሎ ጽፎ ያስደነገጠን ጓደኛችንም «ዓሣማ» ማለቱ ኖሯል፤ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ለሚሉ ወገኖች ይህን እንዲያስቡበት አቀርባለሁ። አህያ ለሚነዳ ሰው ለብቻው ሳለ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ማለፍም የቆየ ተንኰል ነው፤ በአንዲት «አችሁ» ነጂውና ተነጂው እኩል ሰላምታ ይደርሳቸዋል።

አሁን ወደዚያች ማታ ልመለስ።

የ«ሮ» ተራ ደርሶ እንስሳው አልቆ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ በግጥም ማንም የማይስተካከለው፣ ከጅማ የመጣውን ጓደኛችንን አነጋገር ከአንድ እንስሳ ጋር ቤት አስመታው። ስንኙን እዚህ አልደግመውም። ቤቱ በሚገባ ይመታ ነበር፤ ያስቸገረውም ይኸው ነው። ባይመታ ኖሮ ተራ ስድብ ሆኖ፣ ተናጋሪውን «ተው» ባልነው ነበር። ስለ መታ ግን ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቁትም ሁሉ ድምፄ ከፍ ያለ ነበር። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። በማግሥቱ ስንኟ በሌላው ፎቅ ተሰማች፤ በሦስተኛው ቀን ምግብ አዳራሽ ስትደርስ፣ ያን ልጅ አንድም ቀን አነጋግረውት የማያውቁ ሰዎች ይደግሟት ነበር። ድንቢጥ መጥታ መሰከረች፤ ሸንጎውም ሳይመረምር ፈረደ።

«ለአንዲት ቀልድ ይህን ያህል!» የሚል አይጠፋም። እንስሳ በሰው ላይ ሲለጠፍ የት እንደሚያደርስ ግን ሩቅ ሳንሄድ እናውቃለን። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚል አነጋገር ከፖለቲካ መድረክ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰው በሰው ላይ የሚለጥፈው ስም ሆኖ ነበር። በሩዋንዳም በ1986 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1994) ሚል ኮሊን የተባለው ራዲዮ ቱትሲዎችን «ኢንየንዚ» እያለ ሲጣራ ከረመ፤ ትርጓሜው በረሮ ማለት ነው። በረሮን ማንም አይከስሰውም፣ ምስክርም አይቈጥርበትም፤ ይረገጣል እንጂ። በረሮ በእኛም ጨዋታ ከዶሮና ከቀበሮ ጋር በአንድ ቤት የሚያድር መሆኑን ሳስብ ያን ማታ የሳቅሁት ሳቅ ይከብደኛል። የመኝታ ቤት ቀልድ ከዚያ ዕልቂት ጋር እኩል ነው አላልሁም፤ ሁለቱም ግን የሚገቡት በአንድ በር ነው።

ታዲያ ማስታወቂያ ለጣፊዎቹ ልክ ናቸውን? አይደሉም። እንስሳ ከግጥም ይውጣ ከተባለ ድመቲቱም ከነቆቧ ትውጣ፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ም ከነተረቶቹ ይዘጋ። ያ ስንኝ የጎዳው እንስሳ ስላለበት አልነበረም። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ሲባል የማንም አድራሻ አልተጻፈበትም፤ የሰማው ሁሉ ትናንት የቸኰለበትን ጉዳይ አስታውሶ በሆዱ «እኔ ነኝ» ይላል። ጅቡ በጫካው፣ እኛም በየኅሊናችን እንቀራለን። የኛ ገጣሚ ግን አድራሻ ጻፈበት፤ ያውም የማይለወጥ አድራሻ፣ አንድ ሰው ከእናቱ አፍ የቀዳውን አነጋገር። ችኩል ነገ ይታገሥ ይሆናል፤ ጅማ የተወለደ ግን ነገም ጅማ የተወለደ ነው።

ደግሞስ ስድብ ግጥም አይቸግረውም። እንስሳውን ከመድረክ ብናባርረው ስድቡ በዝርው ይቀጥላል፤ የምናጣው ጨዋታውን ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት ከሰሌዳው ይነሣ ዘንድ አዘጋጆቹን እጠይቃለሁ። ገጣሚም ስንኙን ወደ ጓደኛው ከመወርወሩ በፊት በራሱ ስም አንድ ጊዜ ጮኾ ይሞክረው። በራሱ ስም ሲለው ከሳቀ ያቅርበው፤ ከጎመዘዘው ለማን ሊያጎርሰው ነው?

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ መብራት ጠፋ። እስከዚያ ማንም ለመጫወት አልደፈረም ነበር። አንዱ ጨለማው ሲሰለቸው «በሬ» አለ። እኔ «ጉማሬ» አልሁ። ከዚያ ወዲያ ጸጥታ ሆነ፤ በ«ሬ» የሚጨርስ እንስሳ ጠፋ። ተራው የደረሰው የዚያች ስንኝ ባለቤት ሆኖ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ ከግድግዳው በኩል «ሐሬ» የሚል ድምፅ መጣ። ጥቂት ቈይቶ «ሰሬ»፤ ደግሞ «አዱሬ»።

«ምንድን ናቸው?» አልን።

«አህያ፣ ውሻ፣ ድመት» አለ ጋቢውን ከፊቱ ገልጦ።

አንዱ «ኦሮምኛ አይፈቀድም» ብሎ ሊከራከር ቢነሣ፣ ሕጋችን ቤት ይምታ አለ እንጂ የቤቱን ባለቤት አልጠየቀም ተብሎ ተረታ። እሱም ሳይጠየቅ ቀጠለ፤ «አንበሳ ያላችሁ እንደ ሆነ ዋራቤሳ አለኝ፤ ጅብ ነው። ጃልዴሳም አለኝ፤ ዝንጀሮ ነው።» መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ያን ጊዜ ወደ ገጣሚው አልጋ ዞሮ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረው፤

«ተሸንፈሃል። አገር ስጠኝ።»

«ጅማን ሰጠሁህ።»

«ጅማማ እናቴ ያለችበት ነው፤ ሌላ ጨምር።»

ገጣሚው ብዙ አሰበ። በመጨረሻ የተወለደበትን ደብረ ማርቆስን ጨመረለት።