ፊርማ ሕግ አይሆንም

በአሜሪካ አገር ገንዘቡን ከፍሎ ወደ ጠፈር ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ከመነሣቱ በፊት አንድ ወረቀት ይፈርማል። ወረቀቱ የሚናገረው፣ የሚሳፈርበት መንኮራኩር ሰው ለማጓጓዝ ደኅና ነው ብሎ መንግሥት እንዳላረጋገጠለትና በጉዞው ሊሞት እንደሚችል ተነግሮት መረዳቱን ነው። ፈረመ፤ ሄደ። የአቪዬሽኑ መሥሪያ ቤት ለኩባንያው ፈቃድ ሲሰጥ የሚመረምረው በምድር ያለው ሕዝብና ንብረት እንዳይጎዳ ነው እንጂ ተሳፋሪው በደኅና መመለሱን አይደለም።

ይህን ያመጣው በ2004 የወጣ ሕግ ነው (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሕጉ፣ ሰው ከሞተ ወይም ለሞት የሚያሰጋ አደጋ ከደረሰ በኋላ ካልሆነ በቀር፣ መሥሪያ ቤቱ ለተሳፋሪዎች ደኅንነት ደንብ እንዳያወጣ ለ8 ዓመት ከለከለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ስምንቱ ዓመት ሲያልቅ ክልከላው እስከ 2015፣ ከዚያም እስከ 2023 ተራዘመ፤ በ2024 በወጣው ሕግ ደግሞ እስከ ጥር 1 ቀን 2028 ድረስ ተገፋ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲያነቡ፣ የዳቦ ዋጋና የመኝታ ቤት ጥበት ሳያልቅልን የአሜሪካ ሀብታሞች የጠፈር ሽርሽር ምን አገባን ብለው እንደሚስቁብን እናውቃለን። ይሳቁ፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡልን።

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ጥበቡ ገና ልጅ ስለሆነ ደንብ ቢወጣበት ይቀጭጫል የሚል ነው። ነገሩ ለጊዜው እውነት ይመስላል። የአውሮፕላንን ታሪክ ስንመለከት ግን የራይት ወንድማማቾች በሞተር የበረሩት በታኅሣሥ 1903 ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የአየር ንግድን በሕግ ያስገባው በ1926 ነው። በመካከሉ ያለው 23 ዓመት ነው። ያን ሕግ አጥብቀው ከጠየቁት መካከልም የአውሮፕላን ሥራ ባለቤቶች ራሳቸው ይገኙበት ነበር፤ ሕዝቡ ሞትን እየፈራ እንደማይሳፈርላቸው ገብቷቸዋልና። ከ2004 እስከ 2028 ስንቆጥር 24 ዓመት ይሆናል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ልጅ የሚባል ማን ነው? እኛ እንኳ በዚህ ዕድሜ ልጆች ነን ብንል የሚሰማን የለም።

በጥቅምት 31 ቀን 2014 የቨርጂን ጋላክቲክ መንኮራኩር ለሙከራ ስትበር አየር ላይ ተበታትና ረዳት አብራሪው ሞተ። መርማሪዎቹ ያገኙት ረዳት አብራሪው የክንፉን መቆለፊያ ከጊዜው በፊት መክፈቱን ብቻ አልነበረም፤ የሠሩት ሰዎች፣ ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት ሊሠራ ይችላል ብለው አለማሰባቸውንም ጭምር እንጂ። እንዲህ ያለውን ነገር ተሳፋሪ ከሚፈርመው ወረቀት ላይ አንብቦ ሊረዳው አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የፀሐይ ነገር ነው። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት እየጋለችና እየበረደች፣ በየጊዜው ጨረርና በኤሌክትሪክ የተሞላ ደመና ትተፋለች። ብርሃኑ በ8 ደቂቃ ይደርሳል፤ ፈጣኖቹ ቅንጣቶች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ደመናው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስድበታል። በነሐሴ 1972 እጅግ ኃይለኛ ማዕበል ተነሥቶ ነበር። አፖሎ 16 በሚያዝያ ተመልሷል፤ አፖሎ 17 የሄደው በታኅሣሥ ነው። በመካከሉ ስለሆነ ሰዎቹ ተረፉ፤ ይህም ዕድል ነው እንጂ ጥበብ አይደለም። ዛሬ የግል መንገደኞች ከፍታቸውን እየጨመሩ ነው፤ በመስከረም 2024 በፖላሪስ ዶውን በረራ አራት ሰዎች 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ወጥተዋል። ናሳ የራሱ ጠፈርተኛ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከ600 ሚሊሲቨርት በላይ ጨረር እንዳይቀበል ወስኗል። ከፍሎ ለሚሄደው ግን በዚያ ክልከላ ምክንያት እንዲህ ያለ ወሰን አልተደነገገለትም።

የፀሐይ ማዕበል የኩባንያን ሒሳብ እንዴት እንደሚያፋልስ በየካቲት 2022 ታይቷል። ስፔስኤክስ 49 ሳተላይቶችን ወደ 210 ኪሎ ሜትር ዝቅተኛ ከፍታ በላከ ማግስት ማዕበል መጣ። ማዕበሉ ከኃይለኞቹ የሚቆጠር አልነበረም። ሆኖም የላይኛው አየር ሞቆ ስለ ተነፋ ሳተላይቶቹን ጎተታቸው፤ እስከ 40 የሚደርሱትም ወድቀው ተቃጠሉ። ኪሳራው የባለቤቱ ነው፤ ማንም አልሞተም። በግንቦት 2024 ከ2003 ወዲህ ያልታየ ማዕበል በመጣ ጊዜ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ሳተላይቶች ከፍታቸውን ለማስተካከል በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ። መንገዱ በተጨናነቀበት ሰዓት ሁሉም መኪና በአንድነት መሪውን ሲያዞር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚጋጩት ቢኖሩ ስብርባሪው የማን ነው?

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የእኛ የሚሆነው። ሄደው የሚጓዙት ፈርመዋል፤ እኛ ግን ምንም አልፈረምንም። በታኅሣሥ 30 ቀን 2024 በጎረቤታችን በኬንያ፣ በማኩዌኒ አውራጃ፣ ሙኩኩ በምትባል መንደር 500 ኪሎ የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወደቀ። የኬንያ የጠፈር መሥሪያ ቤት ከሮኬት የተለየ አካል መሆኑን ገለጠ። ገበሬው ለማንም ፈቃድ አልሰጠም። በ1967 የተፈረመው የጠፈር ውል መንግሥታት ለግል ኩባንያዎቻቸው ሥራ ጭምር ኃላፊ መሆናቸውን ይናገራል፤ የ1972ቱም ውል በምድር ላይ ለሚደርስ ጉዳት ያስነሣው መንግሥት እንዲክስ ያዛል። በ1978 የሶቪየት ሳተላይት ካናዳ ላይ በወደቀ ጊዜ ሶቪየት 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከፍላለች። ካናዳ ጠያቂ ነበረች፤ ጠያቂ የሌለው ግን ካሣ አያገኝም።

ከሁሉም በላይ የምድር የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በእኛ ሰማይ ነው። ቀን ቀን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በላያችን ይፈሳል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም በላይኛው አየር የሚፈጠረው መናወጥ የሩቅ ራዲዮንና አውሮፕላኖች የሚመሩበትን የሳተላይት ምልክት ያውካል። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957 እና 1958፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነው። ፈረንጆቹ ቦታውን የፈለጉት ለውበቱ አልነበረም። ከእኛ መካከል በአጠገቡ እያለፈ ምን እንደሚሠራ ጠይቆ የሚያውቅ ስንቱ ይሆን?

በመጋቢት 1989 የካናዳዋ ኩቤክ መብራት በፀሐይ ማዕበል ምክንያት በ90 ሰከንድ ገደማ ጠፍቶ 6 ሚሊዮን ሕዝብ ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ አድሯል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ለተሳፋሪው ብቻ አይደለም። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው የቆሙት ጠባቂ ሳተላይቶች ደመናው ሲያልፍባቸው የሚሰጡት ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በደቡብ አፍሪካ ሄርማነስ የጠፈርን አየር ጠባይ የሚከታተል ማዕከል አለ፤ ይህ አህጉራችን የማይችለው ሥራ እንዳልሆነ ያሳያል።

እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው። ክልከላው በ2028 ይብቃ፤ ከእንግዲህም አይራዘም። የሚወጣው ደንብም የጨረርን ወሰንና ማዕበል ሲነገር በረራን የማቆምን ግዴታ ከመጀመሪያው ያስቀምጥ። አገራችን በተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ኮሚቴ አባል ናት፤ መልእክተኞቿ ቪየና ሲቀመጡ ስለ ሳተላይት ማስወንጨፍ ብቻ ሳይሆን በድሀ አገር መንደር ላይ ስለሚወድቀው ብረትም ይናገሩ። በዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ የሕግ፣ የፊዚክስና የምሕንድስና ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለአንድ ቀላል ጥያቄ መልስ እንዲጽፉ እንጋብዛለን፦ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ከባድ ማዕበል እየመጣ ነው የሚል መልእክት ቢደርስ፣ ከመመልከቻ ጣቢያው ስልክ የሚደወለው ለማን ነው? የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ አየር መንገዱና የሲቪል አቪዬሽኑስ ስልኩን አንሥተው ምን ያደርጋሉ? የተጻፈው መልስ ለዚህ መጽሔት ቢላክልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።